«ተጣርቷል» የሚለው ድምፅ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ዓይኗ አያይም፤ በአንድ ወረዳ መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር።

መምህር ይኄይስ ነገሩን እንዲህ ብለው የጀመሩት እልፍነሽ ለጠየቀቻቸው ጥያቄ መልስ ሊሰጡ ነው። መምህሩ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዓይነ ስውራንን ያስተማሩ፣ ራሳቸውም ዓይነ ስውር የሆኑ ጡረተኛ ናቸው። እልፍነሽ ድሮ የጎረቤታቸው ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ሆናለች። የጠየቀቻቸው ይህን ነበር፦ «መምህር፣ እናታችን ከተቀበረች ወዲህ እህቴ አታናግረኝም። አሁን ልጇን ልትድር ነው፤ አገር ሲጠራ እኔን አልጠራችኝም። ራሴን ከላይ እስከ ታች መረመርኩ። አንድ ጥፋት አላገኘሁም። ያላጠፋሁትን ይቅርታ ልጠይቅ?»

መምህሩ ስለ ሴትዮዋ መናገራቸውን ቀጠሉ።

መዝገብ ቤቱ ወረቀቱን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ ነበር። ሰነዶቹ በኢንተርኔት ላይ ባለ አንድ ማከማቻ ተቀምጠዋል፤ የፈለገ ሠራተኛ ከጠረጴዛው ሆኖ ይከፍታቸዋል። የሚያይ ሰው ማከማቻውን ሲከፍት ገጹ በሙሉ ፊቱ ይዘረጋለታል፤ የማይፈልገውን ዘሎ የሚፈልገው ላይ ዓይኑን ያሳርፋል። ሴትዮዋ ግን ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብላት ፕሮግራም ነበራት፤ እሱ ደግሞ የሚያነበው ተራ በተራ ነው። የአንዱ ሰነድ ስም ጋ ከመድረሷ በፊት ማን እንዳስገባው፣ መቼ እንዳስገባው፣ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ፣ በመጨረሻ ማን እንደነካው መስማት ነበረባት። ባለጉዳይ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ይጠብቃል፤ እሷ ለማይረባ ወሬ ጆሮዋን ሰጥታ ትቀመጣለች።

ሴትዮዋ ደግሞ አንድ ነገር ካልገባት የማያስቀምጣት ዓይነት ሰው ነበረች። «በዚህ ቅደም ተከተል ይነበብ ያለው ማነው?» አለች። አንድ ቀን ባለጉዳይ ሲቀልላት ኪቦርዱን ይዛ መፈተሽ ጀመረች። በቀስት ቁልፉ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እያለች ዝርዝሩ የተከፈለባቸው ዓምዶች ርእስ ላይ ወጣች። እዚያ «ኢንተር» የሚባለውን ቁልፍ ስትጫን ያላሰበችው ነገር ተከፈተ፤ ድምፁ «ወደ ግራ አንቀሳቅስ፣ ወደ ቀኝ አንቀሳቅስ፣ ደብቅ፣ አጣራ» እያለ ዘረዘረላት።

«እንዴ!» አለች ለብቻዋ።

የሰነዱን ስም ከኋላ አንስታ ከፊት አመጣችው። የባለጉዳዩን ቀበሌ አስከተለችበት። ምን ያህል ቦታ እንደያዘ የሚናገረውን ዓምድ ደበቀችው። ከሁሉ ያስገረማት፣ ይህን ሁሉ ስታደርግ ከሰነዶቹ አንዱም ከቦታው ፈቀቅ አለማለቱ ነው። ቤቱ ሳይነካ በሩ ብቻ ወደ እሷ እንደ ዞረላት ሆነ። ያበጀችውን እይታ ስም ሰጥታ አስቀመጠችው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማከማቻውን ስትከፍት የሚቀበላት እሱ ነው።

ሥራዋ ፈጠነ። ፕሮግራሙም እንዲፈጥን አደረገችው፤ ከእሷ በቀር ማንም የማይሰማው እስኪሆን ድረስ ቃላቱን ያንደረድራቸው ጀመር። አጠገቧ የሚቀመጠው ባልደረባዋ፣ «ኧረ ይሄን ሰውዬ ምን እያሳደደው ነው? ውኃ እንኳ አጠጪው» ይላታል።

«አንተ ስትናገር ነው እኔን እንቅልፍ የሚወስደኝ» ትለዋለች።

አንድ ነገር ብቻ እንደ እሾህ ይወጋት ነበር። በማከማቻው ውስጥ ስም የሌላቸው የድሮ ወረቀቶች አሉ። ስካን ተደርገው እንደ ፎቶግራፍ የገቡ ናቸው። ፕሮግራሙ ጽሑፍ እንጂ ፎቶግራፍ ማንበብ አያውቅም፤ እነሱ ላይ ሲደርስ «ምስል፣ ምስል፣ ምስል» እያለ ይሄዳል። ውስጣቸው ያለውን ለማወቅ ሰው መጥራት አለባት። «እባክህ፣ ይህ ምን ይላል?» ማለት አለባት። ባልደረባዋ እምቢ ብሏት አያውቅም። እሷ ግን ይህን ማለት ትጠላ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ «እባክህ» ስትል ኖራለች፤ አሁን ገና ከዚህ ቃል ያረፈች መስሏት ነበር።

ስለዚህ አንድ ቀን የሰነዱ ዓይነት በሚለው ዓምድ ላይ ወጥታ «አጣራ» የሚለውን ተጫነች፤ ምስሎቹን ሁሉ ከእይታዋ አወጣቻቸው። «ለጊዜው ነው» አለች። ወዲያው ጸጥ አለላት። የሚነበበው ብቻ ቀረ።

ፕሮግራሙ ግን ሐቀኛ ነበር። በዚያ ዓምድ ባለፈች ቁጥር «የሰነዱ ዓይነት፣ ተጣርቷል» ይላታል። በማግስቱም «ተጣርቷል»። ከምሳ በኋላም «ተጣርቷል»። «አውቃለሁ፣ ራሴ አይደለሁም እንዴ ያጣራሁት!» ብላ ተቆጣችው፤ እንደ ሰው። ከዚያ ወደ ፕሮግራሙ ማስተካከያ ገብታ እንዲህ ያለውን ማሳሰቢያ እንዳይናገር አደረገችው። ድምፁም ታዘዘ። ሳምንታት ሲያልፉ ማጣራቷን ራሷም ረሳችው።

ይባስ ብሎ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ የእሷን ፍጥነት አይቶ፣ «የእሷ አደራደር ለሁላችሁም ይሁን» አለ። እይታዋ የሁሉም እይታ ሆነ። ሁሉም በእሷ በር ይገባ ጀመር።

ከዚያ አንድ ገበሬ መጣ።

ገበሬው ከአጎራባቹ ጋር በመኖሪያ ግቢው ይካሰስ ነበር። ድሮ በአባቱ ዘመን ስለዚሁ ግቢ የተሰጠ ውሳኔ አለ። ያንን ለዳኛው ካላሳየ ግቢውን ለቅቆ መውጣቱ ነው፤ ቀጠሮውም ቀርቧል። ሴትዮዋ የአባቱን ስም ጠይቃው ጻፈች፤ ድምፁን አዳመጠች።

«የለም፣ አባባ።»

«የለም? እሺ ይሁን» ብሎ ሄደ። በሌላ ቀን ደግሞ መጣ። ባልደረባዋም በራሱ ኮምፒውተር ፈለገለት፤ «የለም» አለው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ቀጠሮው ለነገ ነበር።

«አባባ፣ የለም እኮ አልንዎት።»

«ልጄ፣ እኔ ራሴ ነኝ እዚህ ያስረከብኩት። አንዲት ልጅ እንደ ሣጥን ያለ መኪና ላይ በደረቱ አስተኛችው፤ ክዳኑን ስትገጥምበት ከሥሩ ብርሃን ሲሄድ አይቻለሁ። ወረቀቱን ያቃጥለዋል ብዬ እንዴት እንደ ደነገጥኩ!»

ብርሃን ሲሄድ። ሴትዮዋ ስካን መሆኑን አወቀች። ስካን የተደረገው ወረቀት ደግሞ ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ አንድ ነገር ከሩቅ ትዝ አላት። ግን ከኋላ ሰልፉ ያጉረመርማል፣ አንዱ «ኧረ እኛም ሰዎች ነን!» ይላል፤ አፏም ለምዷል።

«የለም» አለችው።

«እሺ ይሁን» አለ ገበሬው። የጎማ ጫማው ወለሉን እየፋቀ ሲርቅ ሰማችው።

ቀጣዩ ባለጉዳይ ስሙን ነገራት። አልሰማችውም። «አንዴ ይታገሡኝ» ብላ ወደ ማስተካከያው ገባች፤ ዝም ያሰኘችውን ማሳሰቢያ መልሳ እንዲናገር አደረገችው። ከዚያ በቀስት ቁልፉ ወደ ዓምዶቹ ርእስ ወጣች።

«የሰነዱ ዓይነት፣ ተጣርቷል።»

ያው ድምፅ ነው። አልተቆጣትም፤ አልወቀሳትም። ካቆመበት ቀጠለ እንጂ።

ሴትዮዋ በትሯን አንስታ ተነሣች። ሰልፉን ሰንጥቃ ወጣች፤ ዘበኛው በር ላይ ያዛት።

«ምን ሆነሽ ነው? ወዴት ነው?»

«አሁን የወጣውን ገበሬ ጥራልኝ! እባክህ!»

«ገበሬ ብቻ ነው እኮ የሚወጣው። መልኩ ምን ይመስላል?»

«እኔን ነው መልክ የምትጠይቀው?» አለች። «ድምፁ የሻከረ ነው። የጎማ ጫማ አድርጓል፤ አንድ እግሩን ይጎትታል። ምንም ብትለው እሺ ይሁን ይላል።»

ዘበኛው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ፊቷን ሲያይ ቆመ። ክንዷን ያዘና አብረው እስከ መኪና መሳፈሪያው ሮጡ። እዚያ እሷ፣ በሰው መሐል መጣራት የምታፍረው ሴት፣ «የግቢው ሰውዬ! አባባ! የለም ያልኩዎት!» እያለች ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አንድ እግሩን መኪናው ላይ የሰቀለው ገበሬም ዞረ።

ይዛው ተመለሰች፤ አጠገቧ ወንበር ሰጠችው። ማጣሪያውን አነሣችው። «አባባ፣ እዚህ ፎቶግራፎች አሉ። እኔ አላያቸውም። እኔ እየከፈትኩ እርስዎ ይዩልኝ፣ እባክዎ።»

እሷ ቁልፉን ትጫናለች፤ እሱ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ይሄስ?»

«ይሄ የሌላ ሰው ነው።»

«ይሄስ?»

«ይሄማ ሰርግ ነው! ሙሽሪት ቆማለች። ይሄን እዚህ ያስገቡት ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?»

ባልደረባዋ ሰምቶ መጣ፤ እሱም ከኋላቸው ቆሞ ያይ ጀመር። እንዲህ እያሉ ሲሄዱ ገበሬው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ከዚያ፣ «የአባቴ ጣት» አለ። ወረቀቱ ከግርጌው አባቱ በጣታቸው የፈረሙበት ነበር።

አትመው ማኅተም አድርገው ሰጡት። ገበሬው ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተ፤ ግን ወዲያው አልተነሣም።

«ልጄ፣ ከእኔ በፊት እንዲህ የለም ብለሽ የመለስሽው ሰው ነበረ?»

«ነበረ።»

«ብዙ ነው?»

«አላውቅም፣ አባባ።»

ገበሬው «እሺ ይሁን» አላለም። ትከሻዋን ነካ አድርጓት ሄደ።

መምህር ይኄይስ እዚህ ላይ ቆሙ። ከዚያ ፊታቸውን እልፍነሽ ወደ ተቀመጠችበት መለሱ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያቺ ሴት ዋሸች ትያለሽ? አልዋሸችም። ስትፈልግ አላገኘችም፤ ያላገኘችውን የለም አለች። ያጠፋችው የለም በማለቷ ብቻ አይደለም። የምትፈልግበትን እይታ ያበጀችው ራሷ መሆኗን መርሳቷ ነው። ሁላችንም ትዝታችንን እንዲህ እንደረድራለን። የሚቀለንን ከፊት እናመጣለን፤ እባክህ የሚያሰኘንን፣ የሚያሳፍረንን እናጣራለን። ይህ ብቻውን ክፋት አይደለም፤ ሰው ሁሉን በአንድ ጊዜ ተሸክሞ አይኖርም። ሕሊና ግን ባለፍን ቁጥር ተጣርቷል ይለናል። እሱን አውቃለሁ፣ አውቃለሁ ብለን ዝም ያሰኘነው ዕለት፣ ራሳችንን ከላይ እስከ ታች መርምረን ምንም አናገኝም። አንቺ ምንም አላገኘሁም ስትይኝ አምኜሻለሁ። የምጠይቅሽ በየትኛው እይታ እንደፈለግሽ ነው።»

«ኧረ መምህር፣ እኔ ሁሉንም ነው ያየሁት» አለች እልፍነሽ። «እናቴ ስትታመም መድኃኒቷን የምልከው እኔ ነኝ። በዓል ሲሆን እመጣለሁ። ለቀብሩም ድንኳኑን ያስተከልኩት፣ እንግዳውን የተቀበልኩት…»

«ማን ያጥባት ነበር?»

ውጭ መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ።

«እሷ» አለች።

«ሌሊት ማን ያገላብጣት ነበር?»

«እሷ ናት።» ከዚያ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «አንድ ጊዜ ደወለችልኝ» አለች። «ደከመኝ፣ አንድ ሳምንት ብቻ መጥተሽ ተኪኝ አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት። ከዚያ… እኔ እንጃ፤ ሌላ ነገር አወራን መሰለኝ።»

እልፍነሽ የነጠላዋን ጫፍ አንስታ ፊቷን ጠረገች።

«አሁን ሄጄ ምን ልበላት?»

«ምንም አትበያት። ምን አደረግኩሽ ብለሽ ጠይቂያትና እስክትጨርስ ድረስ አፍሽን አትክፈቺ። ይሄ እንኳ እንዲህ አልነበረም ማለት ያምርሻል፤ አትበይ። አንቺ የማታይውን እሷ ታይልሻለች።»

«ብዙ ብትናገርስ?»

«ብዙ ትቀመጫለሻ።»

እልፍነሽ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። «መምህር፣ ሰርጉ እኮ እሑድ ነው። እስከዚያ ይቅር ትለኝ ይሆን?»

«ለሰርጉ ብለሽ ከሆነ አትሂጂ» አሉ መምህር ይኄይስ። «እሱ ካለፈ በኋላም የምትሄጂ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሂጂ።»

መምህሩ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ጠበቁ። ኮቴዋ ደጁን አልፎ አስፋልቱ ላይ ደረሰ። እዚያ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ወደ ቤቷ በሚወስደው በግራ በኩል ሳይሆን፣ በቀኝ በኩል ሄደ።