የእድሩ ሽቦ

በእኛ ሰፈር የምንላት አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሲሰማት የከብት ወሬ ትመስለዋለች፤ የመጣችው ግን ከአናጺው ከልሳነወርቅ ኮምፕረሰር ነው። ባስታወስኳት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ልሳነወርቅ የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ነው። ድንኳኑም፣ ለቅሶ ቤት አምፖል የሚንጠለጠልበት ረጅም ቀጭን ሽቦም የሚቀመጡት በእሱ ጓሮ፣ ከሥራ ክፍሉ ጎን ባለች ዕቃ ቤት ነበር። አንድ ጊዜ ቫርኒሽ መርጫ ኮምፕረሰር ገዛና ከቆጣሪው እስከ ጓሮ መስመር እንዲዘረጋለት ኤሌክትሪሺያኑን አሰግድን ጠራው።

«መንገዱ ረጅም ነው፣ ሞተሩም ሲነሳ ብዙ ኃይል ይስባል» አለው አሰግድ። «ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል። እዚህ አይገኝም፤ እስከ ሰኞ ታገሠኝና ላስመጣልህ።»

«የሙሽራ አልጋ ለእሁድ ቃል ገብቼ?» ልሳነወርቅ የእድሩን ሽቦ ብድግ አደረገ። «ይኸውልህ! የስንቱን ለቅሶ ቤት ሲያበራ የኖረ ሽቦ አንድ ሞተር ሊያቅተው ነው?»

«አምፖልና ሞተር አንድ ነው እንዴ? እኔ በዚህ አልቀጥልም!»

አሰግድ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ልሳነወርቅ ራሱ ቀጠለው፤ ከርዝመቱ የተረፈውንም ሳይቆርጥ፣ እንደተጠቀለለ ድንኳኑ ላይ አስቀመጠው።

ሞተሩ እያቃሰተ ተነሳ። ሚስቱ ጥሩነሽ ሽቦውን ነካ አድርጋ እጇን ሰበሰበች።

«አንተ፣ ይሄ ነገር ግሏል!»

«ሲሠራ የማይሞቅ ማን አለ? እኔስ አላበኝ የለ?»

ተሳሳቁ። ይህን የነገረችን ራሷ ጥሩነሽ ናት፣ በኋላ፣ እያለቀሰች።

ቀትር ላይ ከዕቃ ቤቱ ጭስ ወጣ፤ ጥቅልሉ ሽቦ ግሎ ድንኳኑን አቀጣጥሎት ነበር። ጎረቤት በባልዲ ተረባርቦ ቤቱን አተረፈ፤ ድንኳኑ ግን አመድ ሆነ። አልጋው ምንም አልነካውም፣ ቫርኒሹም ያምር ነበር።

ሌላ ድንኳን ሳንገዛ፣ በዚያው ክረምት፣ የእድሩ ዳኛ የጋሽ ይመኑ ባለቤት አረፉ። እኒህ ሴት የሰፈሩን ለቅሶ ሁሉ የደረሱ፣ ጉልበታቸው እያመማቸው እንኳ ከድንኳን ያልቀሩ ነበሩ። ልሳነወርቅ መርዶውን እንደሰማ ድንኳን ሊዋስ ወጣ። የየሰፈሩን እድር ደጅ ሲያንኳኳ አደረ፤ ያላቸውም ለራሳቸው ለቅሶ ተክለውታል።

ጠዋት ጭቃ ለብሶ ባዶ እጁን ወደ ለቅሶው ቤት ተመለሰ። ለቀስተኛው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠጋግቶ ዝናብ ይወርድበታል። ጋሽ ይመኑ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸው ርሷል። ልሳነወርቅ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ከእድሩ ይባረር!» አለ ከኋላ አንዱ።

ጋሽ ይመኑ ጎንበስ ብለው በትከሻው አነሱት፤ ጭቃውንም አዩት።

«ተዉት፣ ቅጣቱንስ ተቀብሏል» አሉ። «በሬን በጥጃ ገመድ ያሰረ፣ ሲፈልግ አደረ።»