እሜት አህያና የፖከር ሶፍትዌሯ

አንድ ጊዜ እንስሳት ፖከር የሚባል የካርታ ጨዋታ ለመዱና ከጠዋት እስከ ማታ ከሾላው ሥር አንነሳም አሉ። የሚያስይዙት ባቄላ ነው። ባቄላው ያለቀበት ከጎተራው ዘግኖ ስለሚመለስ ማንም ከልቡ አይደነግጥም ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ዝናብ ጠፋና አንድ ምንጭ ብቻ ቀረ። የምንጩ ግፊያ ያስመረረው አንበሳ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ቅዳሜ የፖከር ውድድር ይደረጋል። ባቄላው ያለቀበት ይወጣል፤ መመለስ የለም። ያሸነፈ የምንጩ አዛዥ ይሆናል። ሲጫወቱ መናከስ ክልክል ነው!» የመጨረሻውን ያለው ጅብን እያየ ነው።

እሜት አህያ ይህን ስትሰማ በጭንቀት ወደ ልጇ ዞረች። ውርንጭላዋ በጥም ከንፈሩ ደርቋል። ጅብ አዛዥ ከሆነ ደግሞ ውኃ ሊጠጣ የሄደ አህያ በእግሩ አይመለስም። እሷ በፖከር ቀንቷት አያውቅም።

ቀበሮ የሰው ጭንቀት ሲያይ ገበያ ይታየዋል። በማግሥቱ ስልኮች ደርድሮ ይጣራ ጀመር። «የፖከር ሶፍትዌር! ጨዋታ የሚተነትን! ኑ!»

ጅብ ተሽቀዳድሞ ደረሰ። «ትልቁ የቱ ነው?»

«ይኸው አያ ጅቦ! ያበራል፣ ይጮኻል፣ ‹አስይዝ! ጨምር!› ይልሃል። አንተ ማሰብ የለብህም።»

«ማሰብ ድሮም አልወድም» አለና የደበቀውን ቆዳ በዋጋው ወርውሮለት ሶፍትዌሩን ይዞ ሄደ።

እሜት አህያ ግን ጠየቀች። «ለመሆኑ ያ የተሠራው ለየትኛው ጨዋታ ነው? ለየዕለቱ ነው ለውድድር?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው... ለየዕለቱ ነው። ባቄላ ሲያልቅ እየሞሉ ለሚጫወቱት።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ገደል ነው የሚከተኝ። ሌላ የለህም?»

«አንድ አለ፤ ግን አያምርም እሜቴ። ለውድድር የተሠራ ነው። የተጫወትሽውን መርምሮ ስሕተትሽን ያሳይሻል፤ በጨዋታ መሐል ግን ትንፍሽ አይልም።»

«እሱን ስጠኝ፤ እንጨትህን አመላልስልሃለሁ።»

ቤቷ ገብታ የምታስታውሰውን ጨዋታ ሁሉ ነገረችው። ሶፍትዌሩም «ጥሩ ካርታ በያዝሽ ቁጥር ሌሎቹ ካርታቸውን ጥለው ይወጣሉ» ብሎ ጻፈላት። ለምን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። ለብቻዋ ካርታ እያደለች ስትለማመድ ሦስት ንጉሥ የሚያህል ካርታ ደረሳት፤ ልክ ያኔ የስልኩ መብራት ጠፋና በጥቁሩ መስታወት ላይ ራሷን አየች። ሁለቱም ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ቆመዋል!

«ወይ ጉድ! ለካ እስከ ዛሬ ካርታዬን ለጠላት ሳወራ ነው የኖርኩት!» አለች።

ቅዳሜ ደረሰ። የጅብ ስልክ «አስይዝ! ጨምር!» ሲል ጅብ ይጨምራል፤ ደግሞ ይጨምራል። ሌሎቹ ገና ሳይሞቃቸው የእሱ ባቄላ አለቀ። «ከጎተራ ዘግኜ ልምጣ» ብሎ ሲነሳ አንበሳ አገሳ፦ «መመለስ የለም ብያለሁ!» ጅብ ጅራቱን ቆልፎ ወጣ።

በመጨረሻ ቀበሮና እሜት አህያ ብቻ ቀሩ። ካርታው ሲታደል እሜት አህያ አራት ንጉሥ ደረሳት። ጆሮዋ ሊነሳ ሲል ቶሎ ብላ የጨው ጭነትና ዳገት አሰበች። ጆሮዋ ዝልፍልፍ አለ። ቀበሮ ሰረቅ አድርጎ አያትና «ባዶ ናት» ብሎ ባቄላውን አንድ ሳያስቀር አስያዘ። እሷም እኩል አስይዛ ካርታዋን ገልብጣ አሳየችው፤ ባቄላው ሁሉ የእሷ ሆነ። አራት ንጉሥ ሲያይ ከሁሉም በላይ ደስ ያለው አንበሳ ነው።

ውርንጭላው ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ። እናቱ እያየችው አለቀሰች፤ የደስታ ነው። ጅብ ከቁጥቋጦው ኋላ ምላሱን አውጥቶ ቆሟል።

«ና ጠጣ አያ ጅቦ። ጠዋት ለእኛ፣ ከሰዓት ላንተ፤ የነከሰ ግን ዳግም አይደርስም» አለችው።

ጅብ ጠጥቶ ሲያበቃ አፉን ጠረገ። «ያ ሶፍትዌርሽ ለእኔም ይሆናል?»

«እንዴታ! የሚያሳይህ ግን የገዛ ጥፋትህን ነው። ትችለዋለህ?»

ጅብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብሎ አሰበ። «እስቲ ልሞክረው» አለ።

ከዚህ የምንማረው ጩኸትና ድምቀት ያለውን ሳይሆን ከፊታችን ላለው ጨዋታ የሚሆነውንና ስሕተታችንን የሚያሳየንን መሣሪያ መምረጥ እንደሚበጅ ነው።