እጃቸውን ያላነሱት ተሸካሚዎች

በአንዲት ትንሽ ከተማ የሴቶች በዓል በድንኳን ውስጥ ሲከበር፣ የወረዳው ኃላፊ አቶ ሽታሁን ንግግር ያደርጉ ነበር። በእጃቸው የከተማዋ ተሸካሚዎች ያስገቡት ማመልከቻ ነበር። ጤና ጣቢያው ለሴቶች የተለየ ቀን እንዳለው ሁሉ፣ ወገባቸው ለተጎዳ ወንዶችም በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲለይላቸው ይጠይቃል።

ኃላፊው ወረቀቱን ለሕዝቡ አሳዩና ሳቁ። "ወንድ ደግሞ ምን ችግር አለበት?" አሉ።

በዚህ መሃል ኃይለኛ ነፋስ ተነስቶ ድንኳኑን ሊገለብጠው ደረሰ። "እናንተ ወንዶች፣ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?" ብለው ኃላፊው ጮሁ። ከዳር ቆመው የነበሩት ተሸካሚዎች ሮጠው ምሰሶዎቹን በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙ።

ነፋሱ ገና ሳይበርድ አቶ ሽታሁን ኮታቸውን አስተካክለው ቀጠሉ። "እንግዲህ እዚሁ ይለይለት። ችግር ያለበት ወንድ እጁን ያንሳ! አንድም እጅ ካልተነሳ ማመልከቻውን እቀድደዋለሁ።"

ዙሪያውን ቃኙ። ማንም እጁን አላነሳም። "አያችሁ?" ብለው ወረቀቱን ሊቀድዱት ሲሉ፣ መሃለኛውን ምሰሶ የያዘው ጎባጣ ተሸካሚ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ክቡር ኃላፊ፣ እጃችንን እናነሳለን። መጀመሪያ ግን እናቶቻችንና እህቶቻችን ከድንኳኑ ይውጡልን። እርስዎ ወንድ ስለሆኑ ምንም ችግር አያገኝዎትም፤ እዚያው ይቆዩ።"

ከሁሉ ቀድመው የሳቁት ሴቶቹ ነበሩ። ኃላፊው ቀና ብለው ድንኳኑን አዩ፤ ከዚያም እስክሪብቶ አውጥተው ማመልከቻው ላይ ፈረሙ።