ለጉንዳኖቹ የተጣለው በረሮ

እኔ "ተረት ተረት" ስል እናንተ "የመሠረት" እያላችሁ ስሙኝ።

ሰምሃል የምትባል ልጅ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጉንዳኖች ታረባ ነበር። አንድ ቀን ሕፃናቱ ጉንዳኖች በረሃብ ሲያለቅሱ፣ ከኩሽና አንድ የሰባ በረሮ ይዛ ጣለችላቸው። ትልልቆቹ ተንጋግተው ሊቦጫጭቁት ሲሉ ከመካከላቸው አንዲት ፈሪ ትንሽ ጉንዳን "ቆዩ! የሆነ ነገር ይሸተኛል" አለች።

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አፍ ያወጣሽው?" ብለው ሳቁባት።

እሷ ግን ወደ በረሮው ጠጋ አለች። "ጋሼ፣ ምንድን ነው የተቀቡት?"

ጉረኛው በረሮ ደረቱን ነፋ። "የተባይ መድኃኒት ነዋ! ትናንት ሲነፉብን ስንቱ አለቀ፤ እኔ ግን ታጥቤበት ወጣሁ! እስቲ እዩኝ፣ ምን ሆን..."

ሳይጨርስ በጀርባው ተዘረረ። ጉንዳኖቹ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

በማግስቱ ሰምሃል ከጓሮ አንዲት ለስላሳ ምስጥ አምጥታ ጣለችላቸው። ሕፃናቱ "ራበን!" እያሉ ይጮሃሉ፤ ምስጧን ግን ማንም አልነካትም። ሁሉም ዞረው ትንሿን ያያሉ።

እሷም ምስጧን ዙሪያዋን አሸተተችና "ምን ታፈጡብኛላችሁ? ብሉ እንጂ!" አለቻቸው።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦ ከሌለ ቆሎም ይበቃኛል።