የገመዱ ሌላ ጫፍ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጥጃ የሚያክል ውሻ ነበረው።

አትሳቂ ስንዱ። «ስለ ባሌ ብጠይቃት ስለ ውሻ ታወራኛለች» እንዳልሽ ገብቶኛል። ባልሽን ከውሻ ማስተካከሌ አይደለም፤ እሱ ለእኔ እንደ ወለድኩት ነው። ግን ጥያቄሽን ሳብሰለስለው ቆይቼ የመጣልኝ ይኸው ነው። «እማዬ፣ ከመጠጡ ጠበል አድኖታል። እሑድ ለጓደኛው ሠርግ ተጠርቷል። ብከለክለው ያዳነውን እግዚአብሔርን አለማመን አይሆንብኝም ወይ? ብለቀውስ፣ እንደ በፊቱ ሰው ተሸክሞ ቢያመጣልኝስ?» አልሽኝ። እንግዲህ ስሚኝ።

ይህ ሰው የሚኖረው ከከተማ ዳር፣ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። በጎች ነበሩት። ከገደሉ ጅብ ይወጣል፤ በጅቡና በበጎቹ መካከል የሚቆመው ያ ውሻ ብቻ ነበር። አንድ የክረምት ማለዳ ውሻው ጅብ ሲያባርር ቦይ ዘለለና ሲያርፍ እግሩ ከዳው። አንዱን የኋላ እግሩን አንጠልጥሎ በሦስቱ እያነከሰ ተመለሰ። የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ኖሯል።

ጎረቤቱ «ውሻ እኮ ነው፤ ቡችላ እሰጥሃለሁ፣ አሳድግ» አለው። ሰውየው እሺ አላለም። ውሻውን በጋሪ ጭኖ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደው። ሐኪሟም ቀዶ ጥገና አድርጋ ጅማቱን ጠገነችው። ሲወጣ እንዲህ አለችው፦

«የእኔ ሥራ እዚህ ላይ አበቃ፤ የቀረው የእርስዎ ነው። እስከ መስቀል ድረስ መሮጥ የለም፣ መዝለል የለም። ያለ ገመድ ደጅ እንዳይወጣ። ተኝቶ ይዋል ማለቴም አይደለም፤ ከተኛ እግሩ ይመነምናል። በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ያራምዱት፤ ግን በጣም በዝግታ። ሲፈጥኑበት የታመመውን አንጠልጥሎ በሦስቱ ይነጥራል፤ ሲያዘግሙለት ሳያውቀው ይረግጥበታል።»

«እሺ ዶክተር» አለ ሰውየው።

«አሁን ስለሚያመው አያስቸግርዎትም። እኔን የሚያስፈራኝ ሕመሙ የተወው ቀን ነው። ያን ቀን የዳነ ይመስለዋል፤ እርስዎም ይመስልዎታል። ጅማቱ ግን ገና ነው። ዳግመኛ ከተበጠሰ የምጠግነው ነገር አይተርፍም።»

ሰውየው ይህን ቃል ይዞ ቤቱ ገባ። ደጁ በክረምቱ ጭቃ ሆኗልና ውሻው ቤት ውስጥ መተኛት ነበረበት። ሚስቱ «ሥዕል በተሰቀለበት ቤት ውሻ?» አለች። ሙሉ ቀን አኮረፈች። ከዚያ ራሷ ተነሥታ ከሥዕሉ ፊት መጋረጃ ጋረደች፣ ሲሚንቶው እንዳያንሸራትተው ጆንያ አነጠፈችለት። ቁስሉን እንዳይልስም ሰውየው የአሮጌ ባልዲ ቂጥ ቆርጦ አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ጎረቤቱ አይቶ «ባርኔጣም ገዛህለት? እንግዲህ ከረባት ነው የቀረው» አለው። ሰውየው በውሻው ሆድ ሥር ፎጣ አሳልፎ፣ ወገቡን እየደገፈ ለሽንት ያወጣዋል፤ ያስገባዋል። ዝናብ ይመታዋል፤ አያማርርም። ልብ በይ ልጄ፣ ውሻው ታሞ ሳለ ሰውየው አልተቸገረም። የታመመን ማስታመም ማን ያቅተዋል?

ጳጉሜ ሲገባ ሕመሙ ለቀቀው። ውሻው መጮህ ጀመረ። ገመዱን ይጎትታል፣ በሩን ይቧጭራል፣ ጅብ የሸተተው ለታ ቤቱን ያተራምሰዋል። ሰውየው ሥራ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ገመድ ይዞ በዝግታ መዞር ሰለቸው። ስለዚህ ወፍራም የባሕር ዛፍ ችካል አምጥቶ ግቢው መካከል ቀበረና ውሻውን በአጭር ገመድ አሰረው። ባልዲውንም አወለቀለት። «አይሮጥ፣ አይዘል ተብሏል። ይኸው አይሮጥም» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ማራመዱንም ተወ። ልቡ ዐረፈች።

ውሻው ግን አላረፈም። በአጥሩ አጠገብ አህያ ባለፈ ቁጥር ይወረወራል፤ ችካሉ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይመልሰዋል፤ እሱም በኋላ እግሮቹ ይቆማል። ሲሰለቸው ደግሞ ያላዝናል። ሚስትየዋ «አንተ ሰው፣ ይህ ውሻ ወይ ያብዳል ወይ ያሳብደናል» አለችው። እሱም «ትእዛዝ ነው» አላት።

እንዲህ እያለ እንቁጣጣሽ ሆነ። በግ ታረደ፤ ዘመድ ተሰበሰበ። የሚስቱ አባት ከዘራቸውን ተመርኩዘው መጡ፤ ቤቱን መረቁ፤ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ነገር ግን ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር ያ ልቅሶ ከችካሉ ይመጣል። ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደዚያ ጣል አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ፍጡር ምን አጥፍቶ ነው?»

«ምንም አላጠፋም አባባ። ታሞ ነው።»

«ታሞ የታሰረ ዛሬ ገና አየሁ። ይኸው ቆሟል፣ ይዘላል፤ ምኑን ታመመ? ለዘመን መለወጫ መንግሥት እንኳ እስረኛ ይምራል። አንተ ከመንግሥት ትብሳለህ?»

እንግዶቹ ሳቁ። ጎረቤቱም ቀበል አድርጎ «ተጸጽቷል እኮ፣ ይቅርታ ጠይቋል፤ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» አለ። ሚስትየዋ ግን አልሳቀችም። «በዓመት በዓል፣ የአባቴን ቃል አታሳልፍ» አለችው በቀስታ።

ሰውየው ተነሥቶ ወደ ችካሉ ሄደ። የሰው ዓይን ሁሉ ጀርባው ላይ ነበር። ውሻው ልቅሶውን አቆመ፤ ጎንበስ ሲልለት እጁን ላሰው። ሰውየው ቋጠሮውን ያዘ። አንድ ጊዜ ሳብ ቢያደርገው ይፈታል።

እጁ ቋጠሮው ላይ ሳለ ግን ዓይኑ መሬት ላይ ወደቀ። በችካሉ ዙሪያ ሣር የለም። መሬቱ እንደ አውድማ ተደምድሟል። ያሰርኩት ያለው ውሻ ለካ ሲሮጥ ነው የሰነበተው፤ እዚያው በታሰረበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉልበቱ ምን እንደ ቀረው ማን ያውቃል? ደግሞም ሌላ ነገር ታየው። አሁን ሊፈታው የቸኮለው ለውሻው አዝኖ አልነበረም። ያዘነው ለገዛ ጆሮው ነበር። ልቅሶው እንዲቆም፣ የሰውም ሳቅ እንዲቆም ፈልጎ ነበር። ሲያስረውም ሲፈታውም ያሳረፈው ራሱን ነበር።

ቋጠሮውን ፈታ። ከበረንዳው «ተባረክ» አሉት። እሱ ግን የተፈታውን ጫፍ በገዛ እጁ አንጓ ላይ ዞር ዞር አድርጎ ጠመጠመው።

«ምን ማድረግህ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ምሬዋለሁ አባባ። ግን አብረን ነው የምንፈታው።»

ከዚያ ነጭ የበዓል ልብሱን እንደ ለበሰ ውሻውን በግቢው ውስጥ ያራምድ ጀመር። እንግዶቹም ቀለዱበት። «ማን ማንን አሰረ?» አለ ጎረቤቱ።

ቀልዱ ሳያበቃ የግቢው በር ተከፈተ። የዘገየ እንግዳ ነበር፤ በሩን ሳይዘጋ ገባ። ከኋላው የደም ሽታ የጠራቸው ባለቤት የሌላቸው ውሾች ተከታትለው ገቡና የበጉን ሆድ ዕቃ ያዙ።

ውሻው ተወረወረ።

ሰውየው ለመጮህ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ገመዱ አንጓውን ሸመቀቀው፤ በደረቱ ጭቃው ላይ ወደቀ። አልለቀቀም። ችካል ቢሆን ኖሮ ያን ግዙፍ አካል በአንድ ጊዜ ቀጥ ያደርገው ነበር፤ ሸክሙም ሁሉ በዚያች በተጠገነች ጉልበት ላይ ያርፍ ነበር። ልቅ ቢሆን ደግሞ እስከ ገደሉ ድረስ አይመለስም። ሰው ግን ይሳባል። ተሳበ፣ ተሳበ፣ እየከበደ ሄደ። ውሻውም እየዘገየ፣ እየዘገየ፣ ቆመ። ሰውየው በጉልበቱ ድኾ ደረሰበትና በሁለት እጁ ደረቱን አቀፈው። ሽማግሌው በከዘራቸው ባዕድ ውሾቹን አባረሩ።

እንግዶቹ ከበረንዳው ወረዱ። የሚስቅም አልነበረም።

ውሻው በሦስት እግሩ ቆሟል። አራተኛዋ ተንጠልጥላለች።

ሚስትየዋ አፏን በእጇ ይዛ ቀረበች። «ተበጠሰ?»

«እንጃ።»

ሰውየው ተነሣ። ከአገጩ ጭቃ ይንጠባጠባል፤ አንጓው ደምቷል። አንድ እርምጃ ሄደ። ውሻው በሦስቱ ነጠረ። ሰውየው ዘገየ። ውሻው አሁንም በሦስቱ ነጠረ። «ገና ፈጥነሃል» አለ ሰውየው፤ ይህን ያለው ለራሱ ነው። ልቡ እየመታች እግሩን ግን አዘገያት፤ ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው አዘገመ። ሽማግሌው ከዘራቸውን እንደ ያዙ አልተቀመጡም። የተንጠልጠለችው እግር ወረደች። በጣቶቿ ጫፍ መሬቱን ነካች፤ ተነሣች። እንደገና ወረደች። ሦስተኛ ስትወርድ ረገጠች፤ ክብደቱንም ተሸከመች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ሚስቱ። ቀጥላም «ልብሱን ግን አንተው ራስህ ታጥበዋለህ» አለችው።

ሰውየው ችካሉን ነቅሎ ለሰፈሩ ደመራ ሰጠው። እስከ መስቀልም ድረስ ውሻውን ጧትና ማታ በእጁ ይዞ አራመደው። መንገደኛ ሳቀበት፤ ውሻው ጎተተው፤ አንዳንድ ቀን ዐሥር ጊዜ መቆም ነበረበት። ከመስቀል በኋላ ሐኪሟ ጉልበቱን ዳስሳ «በቃ» ስትል ገመዱን አወለቀለት። ውሻው ወዲያው አልሮጠም። ጥቂት ከጎኑ ሄደ፤ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ በአራቱም እግሩ ወደ በጎቹ ሮጠ።

ስንዱ ልጄ፣ አሁን ወደ አንቺ ልመለስ።

ባልሽን እግዚአብሔር አድኖታል፤ ይህን አትጠራጠሪ። ነገር ግን ሐኪሟም ጠግናለች፤ «ገመድ ያዝ» ያለችውም ያችው የጠገነችው ናት። መዳኑን ማመንና በዝግታ ማራመድ አይጣሉም። እግር የሰጠን ፈጣሪ ሕፃን ሳለን ያስዳኸን ጠልቶን ነው? መፍራትሽም ኃጢአት አይደለም፤ «ድኛለሁ» የሚልበት ጊዜ የሚያስፈራው ጊዜ ነውና።

ያደረግሽው ግን ልክ አይደለም። ጫማውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽ ሥራ ትሄጂያለሽ አሉኝ። ወንድምሽንም በር ላይ አስቀምጠሽዋል። ይህ ችካል ነው። አንቺ ልብሽ ዐርፎ ስትውዪ፣ እሱ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ በሐሳቡ ስንት ጊዜ ግሮሰሪው ደርሶ እንደሚመለስ አታውቂም። መሬቱን ብታዪው አውድማ ሆኗል። እኅቶቹ ደግሞ «ከዳነ ለምን አትለቂውም» ይሉሻል። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ልቅሶው እንዲቆምላቸው ነው።

ስለዚህ አትከልክዪው፤ አትልቀቂውም። አብረሽው ሂጂ። ከጎኑ ተቀመጪ። ጠጁ ሲቀዳ ያንቺም ብርጭቆ ውሃ ይሁን። ጭፈራው ሳይሞቅ «እንነሣ» በዪው። ይነጫነጭብሽ ይሆናል፤ ጓደኞቹም «ሚስቱ ናት የምታስረው» ብለው ይስቁ ይሆናል። ጥቂት ቢስብሽ ተሳቢ። ዛሬ ባይረግጥ አንቺ አዝግሚ እንጂ አትጎትቺው። ከብዶሽ መልቀቅ ባማረሽ ጊዜ ደግሞ «ለእሱ ነው ወይስ ለጆሮዬ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

ችካል አይደክመውም ልጄ። ችካል አያፍርም፣ አይወድቅም፣ ልብሱም አይቆሽሽም። ስለዚህ ነው ማንንም አድኖ የማያውቀው።

ልጆቹን እሑድ ጧት እኔ ጋ አምጫቸው።