የሉካንዳው ፊውዝ

አንድ ባለ ሉካንዳ ነበረ። አንተ ጥላዬ፣ ስለ እድራችሁ ጠይቀኸኝ እኔ ሉካንዳ ስገባ አትገረም። «ወይዘሮ ደብሪቱ በየስብሰባው ‹ቆይ› እያሉ አላሠራ አሉን፤ ከኮሚቴው ብናስወጣቸውስ?» ነው ያልከኝ። እሺ፣ ስማኝ።

ይህ ሰው ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ መሸጡን ያቆማል። ማን ሊገዛው! ትልቁን ማቀዝቀዣ ነቅሎ ወደ ጥግ ይገፋዋል፤ በቦታው ባለቤቱ ሽሮና በርበሬ ትሸጥበታለች። የፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ መልሶ ይገፋውና ይሰካዋል። በዚያም ዓመት ሁለት በሬ አሳርዶ ማቀዝቀዣውን ጢም አድርጎ ሞላው። ሰፈሩ ጾሙን ሙሉ ሲጠብቅ የከረመው ያንን ሥጋ ነው። ቢበላሽበት በየትኛው ዓይኑ ጎረቤቶቹን ሊያይ?

ሰካው። ሞተሩ እንደ ማጓራት አለና ጭጭ። ቆጣሪው ሥር ያለው ፊውዝ ተቃጥሏል። ቀየረው፤ ሞተሩ ገና ሲነሳ ያም ተቃጠለ። አሁንም ቀየረ፤ አሁንም ሄደ። ሰውየው በገነ። «ይሄ ፊውዝ ምቀኛዬ ነው እንዴ? ፋሲካዬን ሊያበላሽ!» አለና በፊውዙ ቦታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ ከተተበት። ማቀዝቀዣው እያንጎራጎረ ሠራ። እሱም ደስ ብሎት አብሮ እያንጎራጎረ ቢላዋውን መሳል ጀመረ።

ባለቤቱ ወለሉን ስትጠርግ ቀና አለች። «የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል» አለች።

«በሬው ነው የሚሸትሽ» አላት ቢላዋውን ሳያስቀምጥ።

እሷ ግን ዞር ብላ ብታይ ከማቀዝቀዣው ኋላ ጭስ ይወጣል። «ኧረ ጉዴ! ማቀዝቀዣ ገዝተን ምድጃ ሆነብን እኮ!» ብላ ሮጣ የቆጣሪውን ማጥፊያ አወረደችው።

«ሥጋው! ሥጋዬ!» ብሎ ጮኸ።

«ይበላሽ! አንተን ጠብሼ ፋሲካ ልውል?» አለችው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠራ። ይህ ሰው አልቸኮለም። ማጥፊያውን ማንም እንዳያነሳው ሴትዮዋን አጠገቡ አቆማት። ማቀዝቀዣውን ነቀለ፤ መስመሩ ኤሌክትሪክ እንደሌለው በመሞከሪያው አረጋገጠ። ያንን የመዳብ ሽቦ አውጥቶ ለባለ ሉካንዳው አስጨበጠውና ማቀዝቀዣውን አብረው ወደ ፊት ጎተቱት። ለካስ የብረት እግሩ የራሱ ገመድ ላይ ቆሟል! ላስቲኩ ተጨፍልቆ ሽቦዎቹ ተራቁተዋል። ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይነካካሉ፤ ፊውዙም ቤቱ እንዳይቃጠል ቀድሞ ራሱን ያቃጥላል። ገፍቶ ያቆመው ማን ነው? እሱ ራሱ ባለ ሉካንዳው!

ሠራተኛው ገመዱን በሙሉ ቀየረና እግር በማይደርስበት በግድግዳው በኩል አሳለፈው። በእርጥብ እጅ የነካውን ሰው ኤሌክትሪክ እንዳይዘው የማቀዝቀዣውን ብረት ከመሬት ሽቦ ጋር አሰረ። በልኩ የሆነ ፊውዝ ከተተና፣ ያን ጊዜ ገና «አሁን አብሪው» አላት። ሞተሩ ተነሳ፤ ፊውዙ ዝም አለ። ሥጋውም ተረፈ። በነጋታው ባለ ሉካንዳው ከሻኛው የመጀመሪያውን ቆርጦ ለሚስቱ ሰጣት።

እንግዲህ ጥላዬ፣ ደብሪቱ የእድራችሁ ፊውዝ ናት። አንተ ምቀኛ መሰለችህ። ባለፈው ስብሰባ ምን ነበር ያለችው? «ለምንሠራው የእድር አዳራሽ የመረጥነው ቦታ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይወርድበታል» አይደል? ማን ሄዶ አየ? ማናችሁም! እሷን ብታስወጣት ስብሰባችሁ ይፈጥንላችኋል፤ አልዋሽህም። የመዳብ ሽቦውም ማቀዝቀዣውን አሠርቶት ነበር። በል፣ ነገ ጧት ቦታውን ሄደህ እይ። እሷንም ይዘሃት ሂድ፤ ጎርፉ በየት እንደሚመጣ የምታውቀው እሷ ናት።