አስናቁ ያማራት እሸት

ጆሮ ለሰጠ በቆሎ እሰጣለሁ።

አስናቁ ስምንተኛ ወሯ ነው። አንድ የተጠበሰ እሸት በቆሎ አማራት። አንድ ብቻ። ነፍሰ ጡር ያማራት ከቀረባት ልጁ ምልክት ይዞ ይወለዳል ይባላል። ባሏ ደምመላሽ ወደ ማሳው ሮጠ። ዝናቡ ከቆመ ወር አልፎታል።

«በቆሎ፣ እሸት ስጠኝ።»

«ጺሜ ሳይወጣ? አናቴ ላይ ያለው አበባ ሰሞኑን ብናኙን ያራግፋል። ጺም ወጥቶ ካልተቀበለው ፍሬ የለም።»

ጺም አይወጣ፣ እሸት የለ።

ጺምን ጠየቀው። «ቅጠል አላበላኝም» አለ ከልባሱ ውስጥ። ቅጠል አያበላ፣ ጺም አይወጣ፣ እሸት የለ።

ቅጠል እንደ ሲጋራ ተጠቅልሏል። «ሥር አላጠጣኝም» አለ፣ ሳይፈታ። ሥር አያጠጣ፣ ቅጠል አያበላ፣ ጺም አይወጣ፣ እሸት የለ።

ደምመላሽ ተንበረከከ። «አንተ ሥር፣ ዲቃላ ዘር አይደለህ? ድርቅ ይችላል ተብሎ ነው የተሰጠኝ።»

«እችላለሁ አልኩ እንጂ አልጠጣም አልኩ? አፈሩ ደርቆብኝ ነው።»

አፈርም በቦይ አሳበበ። ቦይ አይፈስ፣ አፈር አይርስ፣ ሥር አያጠጣ፣ ቅጠል አያበላ፣ ጺም አይወጣ፣ እሸት የለ።

የቦዩ በር ላይ ጋሽ አላምረው ተቀምጠዋል። የመንደሩን የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉ የውሃ አባት ናቸው።

«ጋሼ፣ ውሃ ይልቀቁልኝ።»

«ተራህ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ምን አቻኮለህ?»

ደምመላሽ አፈረ። የሚስቱን አምሮት አደባባይ የሚያወራ ወንድ የት አለ? «እሸት... አምሮኝ።»

«አንተን? ስንተኛ ወርህ ነው?»

በር አይከፈት፣ ቦይ አይፈስ፣ አፈር አይርስ፣ ሥር አያጠጣ፣ ቅጠል አያበላ፣ ጺም አይወጣ፣ እሸት የለ።

ይኸን የሰማችው አስናቁ ከኋላው ሆዷን አስቀድማ መጣች። «ጋሼ፣ እሸት እኔን ነው ያማረኝ። እሱ አፍሮ ነው።»

ሽማግሌው ተነሱ። «ይኸን ቀድሞ አይናገርም? የዛሬው ተራ የራሴ ነው፤ ውሰጂው። ኋላ ልጁ ጉንጩ ላይ በቆሎ ተስሎበት ቢመጣ፣ አገሩ ሁሉ የሚጠቁመው እኔን ነው።»

በር ተከፈተ። ቦይ ፈሰሰ፣ አፈር ራሰ፣ ሥር አጠጣ፣ ቅጠል ተፈታና አበላ፣ ጺም ወጣ፣ ብናኝ ወረደበት፣ ፍሬ ያዘ።

ወር ሊሞላ ሲል አስናቁ ከፍሙ ላይ አንዱን አነሳች። እየፈለፈለች በላች። ደምመላሽ አፍ አፏን ያያል። አንድ ፍሬ አላስቀረችም።

«አሁን ይወለድ» አለች።

ለእኛ ቆረቆንዳው ደረሰን።